በራስ ስም የሚጠራ ኔምሰርቨር፦ ለሆስቲንግ መልሶ ሻጭ የሚሰጠው ነጻነትና የሚያስከትለው ኃላፊነት

መግቢያ

የድረ ገጽ ማስተናገጃ ወይም ሆስቲንግ አገልግሎት ለተጠቃሚ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ መልሶ ሽያጭ ነው። መልሶ ሻጩ የራሱ ሰርቨር የለውም፤ ከዋና አቅራቢ ቦታ በጅምላ ይከራይና ከፋፍሎ፣ በራሱ የንግድ ስምና በራሱ ዋጋ ለደንበኞቹ ያከራያል። ደንበኛው የሚዋዋለው ከመልሶ ሻጩ ጋር ነው፤ ክፍያውን የሚፈጽመውም፣ ችግር ሲገጥመው የሚደውለውም ለእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ደንበኛው ዶሜይኑን ከሰርቨሩ ጋር ለማገናኘት የሚያስገባው የኔምሰርቨር ስም የዋናው አቅራቢ ከሆነ፣ ከጀርባ ያለው ድርጅት ማንነት ወዲያውኑ ይገለጣል።

ለዚህ የተለመደው መፍትሔ መልሶ ሻጩ በራሱ ዶሜይን ሥር የሚጠሩ የግል ኔምሰርቨሮችን ማቋቋሙ ነው። አሠራሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ገጽታ ማሳመሪያ፣ ማለትም በሱቅ በር ላይ እንደሚሰቀል ማስታወቂያ ነው። ጉዳዩ ግን ከዚህ ይሰፋል። የግል ስሙ የሚሰጠው ዋና ጥቅም ደንበኞችን ሳያስቸግሩ አቅራቢ መለወጥ መቻል ሲሆን፣ የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ ቀድሞ በአቅራቢው ትከሻ ላይ የነበረ ኃላፊነት ወደ መልሶ ሻጩ መዛወሩ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ምክንያት ከሥርዓቱ አሠራር በመነሣት ያብራራል።

ውክልናና ማጣበቂያ መዝገብ

የዶሜይን ስም ሥርዓትን፣ በአሕጽሮት ዲኤንኤስን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው ፖል ሞካፔትሪስ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የሥርዓቱ መሠረት የሆኑት አርኤፍሲ 1034 እና 1035 የተባሉት ሰነዶች የወጡት በ1987 ነው። ከዚያ በፊት የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ተዘርዝሮ ይሠራጭ ነበር። የአዲሱ ሥርዓት ዋና ሐሳብ ውክልና ነው፤ ከላይ ያለው ሰርቨር የመጨረሻውን መልስ አይሰጥም፣ መልሱን የሚያውቀውን ይጠቁማል እንጂ።

ለማብራሪያ ያህል የመልሶ ሻጩ ዶሜይን ምሳሌ.ኮም፣ የደንበኛው ደግሞ ደንበኛ.ኮም ነው እንበል። የጎብኚውን ጥያቄ የሚያስተናግደው ሪዞልቨር በመጀመሪያ የሥር ሰርቨሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱ ወደ .ኮም ሰርቨሮች ይመሩታል። የ.ኮም ሰርቨሮች ደግሞ ስለ ደንበኛ.ኮም የሚያውቁት ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም እና ኤንኤስ2.ምሳሌ.ኮም መሆናቸውን ይናገራሉ። እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ይነሣል፤ የኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም አድራሻ የተጻፈው በምሳሌ.ኮም ዞን ውስጥ ነው፤ ዞኑን የሚያነበው ግን ራሱ ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም ነው። ቁልፉ በተቆለፈው ቤት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ዙር የሚሰብረው በሙያው ግሉ ሪከርድ የሚባለው ማጣበቂያ መዝገብ ነው። የበላዩ ዞን፣ ማለትም .ኮም፣ የኔምሰርቨሩን ስም ብቻ ሳይሆን የአይፒ አድራሻውንም ይይዛል፤ ሲጠቁምም ሁለቱን አንድ ላይ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አርኤፍሲ 9471 ኔምሰርቨሩ በተወከለው ዶሜይን ሥር በሚሆንበት ጊዜ እነዚህ አድራሻዎች ከጥቆማው ጋር የግድ መላክ እንዳለባቸው በግልጽ ደንግጓል።

የደንበኛው ዶሜይን በኢትዮ ቴሌኮም በሚተዳደረው .ኢቲ ሥር ሲሆን ጉዞው ይረዝማል። የ.ኢቲ ሰርቨሮች ስለ ሌላ የበላይ ዞን አድራሻ የመናገር ሥልጣን ስለሌላቸው የሚሰጡት የኔምሰርቨሩን ስም ነው፤ ሪዞልቨሩም አድራሻውን ፍለጋ ወደ .ኮም ይሄዳል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ዶሜይን የያዘ ደንበኛ ሳይቀር ድረ ገጹ የሚገኘው የመልሶ ሻጩ የ.ኮም ስም በደኅና እስከሠራ ድረስ ብቻ ነው።

አራት ቦታ፣ አንድ ቃል

ኔምሰርቨሮቹን ማቋቋም ማለት በአራት ልዩ ልዩ ቦታዎች አንድ ዓይነት መረጃ ማስፈር ማለት ነው። የመጀመሪያው የዶሜይን መዝጋቢው ድርጅት ነው። መልሶ ሻጩ ከአቅራቢው ሁለት የአይፒ አድራሻዎችን ይቀበላል፤ ለምሳሌ ለማስተማሪያ የተጠበቁትን 192.0.2.10 እና 198.51.100.10 እንውሰድ። ከዚያም በምሳሌ.ኮም መለያ ውስጥ ሁለቱን ስሞች ከእነዚህ አድራሻዎች ጋር ያስመዘግባል። ማጣበቂያ መዝገቡ ወደ .ኮም የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው የምሳሌ.ኮም የራሱ ዞን ሲሆን፣ ለሁለቱ ስሞች ያንኑ አድራሻ የያዙ የኤ መዝገቦች ይጻፉበታል። ሦስተኛው የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ፓነሉ ነው፤ ለአዲስ ደንበኛ ዞን ሲፈጠር በኤንኤስ መዝገብነት የሚገቡት ስሞች የመልሶ ሻጩ እንዲሆኑ ይስተካከላል። አራተኛው የደንበኛው ዶሜይን የተመዘገበበት ቦታ ነው፤ ውክልናው ወደ ኤንኤስ1 እና ኤንኤስ2 የሚዞረው እዚያ ነው።

ስሕተት የሚበዛው ከአራቱ አንዱ ሲዘነጋ ነው። በተለይ በሁለተኛው ላይ ለውጥ ተደርጎ የመጀመሪያው ሳይነካ ሲቀር አንዱ ሪዞልቨር አዲሱን፣ ሌላው የቆየውን አድራሻ ይከተላል፤ ድረ ገጹም ለአንዱ ተጠቃሚ እየተከፈተ ለሌላው አይከፈትም። ይህን ለማጣራት ዲግ በተባለው መሣሪያ የ.ኮም ሰርቨሮችን በቀጥታ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ኤንኤስ1ንና ኤንኤስ2ን ለየብቻ መጠየቅና መልሶቹን ማስተያየት ይገባል።

ስሙ የማይለውጣቸው ነገሮች

ስሙ የመልሶ ሻጩ ቢሆንም ማሽኑ የአቅራቢው እንደሆነ ይቀራል። የአይፒ አድራሻውን ባለቤት በሕዝብ መዝገብ ፈልጎ ማግኘት ለማንም ክፍት ነው፤ ከአድራሻ ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብም በአድራሻው ባለቤት እጅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የአቅራቢውን ስም ያሳያል። ስለሆነም የግል ኔምሰርቨር ምሥጢር መጠበቂያ ሊባል አይችልም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነጥብ አለ። ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮምን የአቅራቢው ኔምሰርቨር ተለዋጭ ስም አድርጎ በሲኔም መዝገብ ማገናኘት ቀላል መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2181 በኤንኤስ መዝገብ የሚጠራ ስም ተለዋጭ ስም እንዳይሆን ይከለክላል። አድራሻው በቁጥር መጻፍ አለበት። የዚህም ውጤት ግልጽ ነው፤ አቅራቢው የሰርቨሮቹን አድራሻ ሲለውጥ በአቅራቢው ስም የሚጠቀሙ ሁሉ ለውጡን ሳያውቁት ይሻገራሉ፤ በግል ስም የሚጠቀመው መልሶ ሻጭ ግን በመዝጋቢውና በዞኑ ያሉትን ቁጥሮች በራሱ እጅ ካላስተካከለ ደንበኞቹ በሙሉ ይቋረጣሉ። የአቅራቢውን ማስታወቂያ ሳያነቡ መቅረት በዚህ ጊዜ ቀላል ቸልተኝነት አይደለም።

አቅራቢ ሲለወጥ

ይኸው ቁጥርን በእጅ የመያዝ ግዴታ በሌላ ፊቱ ነጻነት ነው። መልሶ ሻጩ 200 ደንበኞች አሉት እንበል። ሁሉም በአቅራቢው የኔምሰርቨር ስም የሚጠቀሙ ከሆነ፣ አቅራቢ መለወጥ ማለት 200 ሰዎች እያንዳንዳቸው ወደየመዝጋቢያቸው ገብተው ውክልናቸውን እንዲያስተካክሉ መለመን ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ የይለፍ ቃሉን የረሳ፣ ዶሜይኑን ያስመዘገበለት ሠራተኛ የለቀቀበት፣ መልእክቱን ያላነበበ አይጠፋም። በግል ስም የሚጠቀሙ ከሆነ ግን የሚለወጡት ሁለት አድራሻዎች ብቻ ናቸው፤ የደንበኞቹ ውክልና እንዳለ ይቆያል።

ለውጡ ግን ወዲያውኑ አይጠናቀቅም። የ.ኮም ሰርቨሮች ለውክልናና ለማጣበቂያ መዝገቦች የሚሰጡት የቆይታ ጊዜ 172,800 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ቀን ነው። መልሶ ሻጩ በራሱ ዞን ያለውን የቆይታ ጊዜ አስቀድሞ ማሳጠር ይችላል፤ የ.ኮምን ግን አይችልም። በመሆኑም ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ዞኖቹን ሁሉ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ማዘጋጀት፣ ቀጥሎ በመዝጋቢውና በዞኑ ያሉትን አድራሻዎች መለወጥ፣ በመጨረሻም የቆየውን ሰርቨር ከሁለት ቀን ላላነሰ ጊዜ ሥራ ላይ ማቆየት ነው። የቆየውን ኪራይ ለውጡ በተደረገበት ዕለት ማቋረጥ ወደ ደንበኞች የሚላክ ኢሜይል መንገድ ላይ እንዲቀር ያደርጋል።

የአንድ ክር አደጋ

ሁሉንም ደንበኛ በአንድ ስም ማሰር ሁሉንም በአንድ ክር ማንጠልጠል ነው። ሁለት ስም መኖሩ በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ ሁለቱም አድራሻዎች በአንድ ማሽን ላይ የሚያርፉባቸው የመልሶ ሽያጭ ውሎች አሉና። አርኤፍሲ 2182 በ1997 የመከረው ኔምሰርቨሮች በመልክዓ ምድርም ሆነ በኔትወርክ ተራርቀው እንዲቀመጡ ነው። ምክሩ የማይመለከተው ትልቅ ድርጅት እንደሌለ በጃንዋሪ 2001 ታይቷል፤ የማይክሮሶፍት አራቱም ኔምሰርቨሮች በአንድ ራውተር በስተጀርባ ስለነበሩ፣ በራውተሩ ላይ የተደረገ አንድ የቅንብር ስሕተት የድርጅቱን ዋና ዋና ድረ ገጾች ለአንድ ቀን ገደማ ከብዙ ተጠቃሚ ሰውሯቸዋል።

ሁለተኛው አደጋ የምሳሌ.ኮም የምዝገባ ዘመን ሳይታደስ ማለፉ ነው። ተራ ዶሜይን ሲያልፍበት የሚጠፋው የአንድ ባለቤት ድረ ገጽ ነው፤ ይህ ሲያልፍበት ግን ሒሳባቸውን በወቅቱ የከፈሉ ደንበኞች ጭምር ይጠፋሉ። ስሙን ሌላ ሰው ቢያስመዘግበው ደግሞ ጉዳቱ ከመቋረጥ ይከፋል፤ አዲሱ ባለቤት ለደንበኞቹ ዶሜይኖች የፈለገውን መልስ መስጠት፣ ድረ ገጻቸውንና ኢሜይላቸውን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል። ለብዙ ዓመት ማስመዝገብ፣ እድሳቱን አውቶማቲክ ማድረግ፣ የመዝጋቢውን መለያ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መጠበቅና ማሳሰቢያ የሚመጣበትን ኢሜይል ከዚያው ዶሜይን ውጭ ማድረግ በዚህ ምክንያት ከመሠረታዊ ግዴታዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ማጠቃለያ

የግል ኔምሰርቨር በመልሶ ሻጩና በአቅራቢው መካከል የሚገባ አንድ የስም እርከን ነው። እርከኑ በጥንቃቄ ሲያዝ መልሶ ሻጩ ከአንድ አቅራቢ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር ያደርገዋል፤ ሲዘነጋ ግን የአንድ ሰው ቸልተኝነት የብዙዎችን ሥራ ያስተጓጉላል። ስለዚህ አገልግሎቱን ለመስጠት የሚያስብ ሰው ስሙን ከመምረጡ በፊት አድራሻዎቹ በሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ላይ መሆናቸውን፣ አቅራቢው የአድራሻ ለውጥን አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ በውሉ መግባቱን፣ ዶሜይኑን የሚያድሰውም ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ደንበኛው በስሙ ሲተማመን የሚተማመነው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ነው።