ባንክራፕሲ ካሰቡ፣ የወንድምዎን ብድር ከመመለስዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ

አሜሪካ የሚኖር ወገናችን ዕዳ ሲከብደው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ዘመዶቹ ነው። የክሬዲት ካርዱን ያቆየውና ከወንድሙ የተበደረውን ይመልሳል። ቤቱን ወደ እህቱ ስም ያዞራል። ለጡረታ ያጠራቀመውን 401ኬ አውጥቶ ስልክ እየደወለ ለሚያስጨንቀው ኮሌክሽን ይከፍላል። ሁሉንም የሚያደርገው በቅን ልብ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ራሱንም ዘመዶቹንም ችግር ላይ ይጥላሉ። 401ኬውንም ቢሆን ሕጉ ከአበዳሪዎች ይጠብቅለት ነበር። ጠበቃ ዘንድ ቀድሞ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ብዙዎች ግን የሚሄዱት ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ነው።

የሚያዘገየን ሐፍረት ይመስለኛል። ሀገር ቤት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራ የደነገገው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ስለነበር፣ ደመወዝተኛ ሰው «ከሰርኩ» ብሎ ዳኛ ፊት መቅረቡ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በአሜሪካ ግን ባንክራፕሲ ማንም ሰው ሊጠይቀው የሚችል የፌዴራል ሕግ መብት ነው። ነዋሪ መሆን ይበቃል፣ ዜግነት አይጠየቅም። ባንክራፕሲ ማስገባት ብቻውን ዜግነት አያስከለክልም፤ ዜግነትን አደጋ ላይ የሚጥለው በመሐላ የሐሰት ቃል መስጠት ነው።

ማመልከቻው ፍርድ ቤት ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ አብዛኞቹ አበዳሪዎች መደወል፣ መክሰስ፣ ከደመወዝ መቁረጥና ቤት ለሐራጅ ማቅረብ ማቆም አለባቸው። ከዚያ በኋላ ለግለሰብ በአብዛኛው ሁለት መንገዶች አሉ። ቻፕተር 7 የክሬዲት ካርድ፣ የሕክምናና የመሳሰሉትን ዕዳዎች በአራት ወር ገደማ ይሰርዛል። ትረስቲ የሚባለው ኃላፊ ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ የሆነ ንብረት ካገኘ ሸጦ ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል፤ አብዛኛው አመልካች ግን የሚሸጥ ንብረት የለውም። ገቢዎ ከክፍለ ግዛትዎ መካከለኛ ገቢ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ስሌት ይሠራል፤ የሚታየውም ከማመልከቻው በፊት ያሉት ስድስት ወራት ገቢ ነው። ቻፕተር 13 ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚዘልቅ የክፍያ ዕቅድ ነው። የቤት ክፍያ ወደኋላ ለቀረበት፣ ቤቱንም ማዳን ለሚፈልግ የሚሻለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብርና በማጭበርበር የተገኘ ዕዳ በቻፕተር 7 አይሰረዙም፤ የተማሪ ብድርም ከባድ ችግር ካልተረጋገጠ በስተቀር በሁለቱም መንገዶች አይሰረዝም። ዋስ ሆኖ የፈረመልዎት ሰው ካለም፣ ቻፕተር 7 እርስዎን ነጻ ሲያወጣ እሱን ከነዕዳው ይተወዋል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ብድር ልመለስ። ከማመልከቻው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የከፈሉትን ብድር ትረስቲው ከዘመድዎ ላይ ሊያስመልስ ይችላል። ወንድምዎ የተመለሰለትን ገንዘብ ይጠየቃል ማለት ነው። ያለ ዋጋ ለእህትዎ የተላለፈ ቤትም ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ይመረመራል። አዲስ አበባ ያለ ቤት ወይም ቦታ መመዝገብ አለበት፤ ሕጉ የትም ያለ ንብረት ይላል፣ መደበቅም ወንጀል ነው። ዕቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣዎ ወጥቶ ገና የሚከፍሉት ካለዎት የዕቁቡ አባላት አበዳሪዎችዎ ናቸው፤ ዕጣዎ ካልወጣ ደግሞ የጣሉት ገንዘብ ንብረትዎ ነው። ይህን ጉዳይ ጠበቃው በራሱ ላያውቀው ስለሚችል እርስዎ ያስረዱት። ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ ግን ወንድምዎን በፈቃድዎ ከመክፈል የሚያግድዎ ሕግ የለም። ለሕሊናዎ ሲሉ የሚጨነቁ ከሆነ ይህን ይወቁ።

ጠበቃ ሲፈልጉ ዋና ሥራው ባንክራፕሲ የሆነውን ይፈልጉ። የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን የጨረሰልዎ ጥሩ ጠበቃ ይህን ላያውቅ ይችላል። የክፍለ ግዛትዎ የጠበቆች ማኅበር ወደሚመለከተው ጠበቃ ይመራዎታል፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑንም እዚያው ማጣራት ይቻላል። አቅም ለሌለው ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎችና የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ። ቅጽ የሚሞሉ ሰዎች ግን የነገሯቸውን ከመጻፍ አልፈው የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድላቸውም። ዕዳዎን እንቀንስልዎ ብሎ በስልክ አግባብቶ፣ ምንም ሳይሠራ ቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ድርጅት ከገጠመዎት ይህ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ስልኩን ይዝጉ።

ብዙዎቹ የባንክራፕሲ ጠበቆች የመጀመሪያውን ምክክር በነጻ ይሰጣሉ። ጠበቃውን ጉዳዩን ራሱ የሚይዘው እንደሆነና ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት ይጠይቁት። ለቻፕተር 7 ቀድሞ ማስከፈሉ አያስደንግጥዎ፤ ያልተከፈለው የጠበቃ ሒሳብ ራሱ ከሌላው ዕዳ ጋር ስለሚሰረዝ ነው። በቻፕተር 13 ክፍያው በዕቅዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የፍርድ ቤቱ ክፍያ ለቻፕተር 7 338 ዶላር፣ ለቻፕተር 13 313 ዶላር ነው። በክፍፍል መክፈል ይፈቀዳል፤ ገቢው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የቻፕተር 7ቱ ሊቀርለትም ይችላል። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ፈቃድ ካለው ድርጅት የክሬዲት ምክር መውሰድ ግዴታ ነው፤ ከማመልከቻው በኋላም ሁለተኛ ትምህርት አለ። ትረስቲው በመሐላ ለሚጠይቅዎ ስብሰባ ነጻ የስልክ አስተርጓሚ ስለሚቀርብ፣ ልጅዎን በማስተርጎም አያስጨንቁ፤ ለጠበቃዎ ቀደም ብለው ይንገሩት።

ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ ሲሄዱ የቅርብ ዓመታት የታክስ ወረቀት፣ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የዘመድና የዕቁብ ሳይቀር የዕዳዎን ሁሉ ዝርዝር ይያዙ። ፍርድ ቤት የላከው መጥሪያ ደርሶዎት ከሆነ፣ ቀጠሮ ለመያዝ ሲደውሉ በመጀመሪያ መልስ የሚሰጡበትን የመጨረሻ ቀን ይንገሯቸው።