ጅምርን ከፍጻሜ ስለ ማድረስ፤ አጭር ዳሰሳ

ሰው ለመጀመር ኃይል አያንሰውም፤ መጀመር የራሱ ደስታ አለውና፣ ዐዲስ ሐሳብ የያዘ ሰው ገና ምንም ሳይሠራ ልቡ የሠራ ያህል ይሞላል። ፈተናው የሚመጣው ያ የመጀመሪያው ግለት በርዶ፣ ፍጻሜውም ገና ሩቅ ሆኖ፣ ሠራተኛው ከድካሙ በቀር የሚያየው ነገር ባጣ ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ሰውን የሚያጸናው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ አበው፣ መምህራንና የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ የዘመናችን ሊቃውንት በየበኩላቸው መልስ ሰጥተዋል፤ የሦስቱንም መልስ አስተያይቶ የሚመለከት ሰው ጽናት ከልብ ብርታት ይልቅ በሥርዓት እንደሚቆም ይረዳል።

በወንጌለ ሉቃስ በ14ኛው ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው ምሳሌ ተጽፏል፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያላሰበ ሠሪ መሠረቱን ከጣለ በኋላ መደምደም ሲያቅተው የተመልካች መሣለቂያ እንደሚሆን ምሳሌው ያስተምራል። በአገራችን ትውፊት ደግሞ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከአጎቱና ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ፣ ማይ ኪራህ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው እንደ ተሳካለት አየ ይባላል። ከትሉም ይልቅ ለነገራችን የሚጠቅመው የሕፃኑ አመላለስ ነው፤ ወደዚያው ወደ ሸሻቸው መምህር ሄዶ፣ ይቅርታ ለምኖ፣ ትምህርቱን ካቋረጠበት ቀጠለ። ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ለቤተ ክርስቲያን ያወረሰ ሊቅ የወጣው ከዚህ መመለስ ነው።

ይህን ትውፊት የዕለት ሥርዓት አድርጎ ያቆየልን የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ወንጌሉን እያነበበ እስከ ዳዊት ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሻው ዜማ ቢሆን፣ ቅኔ ቢሆን፣ ወይም የብሉይ፣ የሐዲስ፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ጉባኤ የየራሱን ዓመታት ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ዘመን ደመወዝ የለም፣ ስንቅም አይበረክትም፤ ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። እንዲህ ያለው ኑሮ በልብ ግለት ብቻ የሚዘለቅ ቢሆን ኖሮ ጉባኤው ገና ዱሮ በተፈታ ነበር።

ጉባኤውን ያዘለቀው የትምህርቱ አሠራር ነው፤ ለዚህም ቅኔ ቤትን ቀረብ ብለን እንመልከት። ጀማሪው በሁለት ቤት፣ ማለት በሁለት ስንኝ፣ ከሚያልቀው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እሱ ሲሆንለት ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ከዚያም ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴና ወደ ዘይእዜ እያለ፣ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል፤ ስለዚህ ሊቅነት የቱንም ያህል ቢርቅ የሚቀጥለው እርከን ዘወትር ከፊቱ ይታየዋል። ቀን ከሰው ርቆ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ግሡን ያገላብጣል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፣ ቤቱ አልመታ ሲለው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ሰዓቱ ሲደርስም ሞላም ጎደለ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም አድምጠው የጠመመውን ያቀኑለታል፣ የጎደለውን ይሞሉለታል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልምና በማግሥቱ ዐዲስ መቁጠር ግድ ነው፤ በዚህም ምክንያት የአንድ ቀን ውድቀት በነጋታው ይካሳል እንጂ ተከማችቶ ተስፋ አያስቆርጥም። ጥቂት የቀደመው ተማሪ ደግሞ ከእሱ በኋላ የመጣውን ያስቀጽላል፤ ሌላው የሚጠብቀው ሰው ትምህርቱን ጥሎ መሄድ ይከብደዋልና። ፍጻሜውም የታወቀ ነው፦ ድጓ የተማረ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ በዙር አባ ዕውቀቱን አስመስክሮ ይመረቃል፤ ከዚያም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል።

የዘመናችን የሥነ ልቡና ምርምር ከዚህ ጋር የሚስማማ ብዙ ነገር አግኝቷል። በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ የተጠየቁ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ያህል ገምተው 55 ቀን ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ወጪን አስቀድሞ የማሰብ ችግር ዛሬም ከሰው ጋር አለ ማለት ነው። ጀርመናዊው ፒተር ጎልቪትሰር ደግሞ «እበረታለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «ይህ ሰዓት ሲደርስ፣ በዚህ ስፍራ፣ ይህን እሠራለሁ» ብሎ መቁረጥ ሰውን ወደ ፍጻሜ ይበልጥ እንደሚያደርሰው አሳይቷል። አሜሪካውያኑ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን በበኩላቸው ሰው በሥራው የሚጸናው በፈቃዱ የያዘው ሲሆን፣ ችሎታው ሲያድግ ሲታየውና ከሰው ጋር ሲያስተሳስረው እንደ ሆነ ያስተምራሉ። አንጄላ ዳክወርዝ እ.ኤ.አ. በ2007 በረጅም ዓላማ የመጽናትን ጠባይ መለኪያ አበጅታ ስሟ ገነነ፤ ይሁን እንጂ በኋላ ጥናቶቹ በአንድነት ሲመዘኑ የዚህ ጠባይ ኃይል መጀመሪያ ከታሰበው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጠባይ ብቻውን የሥራውን ሸክም ሁሉ አይችልምና።

መተው ሁሉ ግን ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው የማራቶን ሩጫ፣ በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ከነሕመሙ ተነሥቶ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን ለአገሩ አስገኘ፤ ታንዛንያዊው ጆን ስቴፈን አኽዋሪ ግን ወድቆ ጉልበቱ ቆስሎ፣ ከማሞ አንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ የመጨረሻው ሆኖ ገባ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ወኔ አጥቷል ሊል የሚደፍር የለም። አካል እምቢ ሲል፣ ወይም የተያዘው መንገድ ስሕተት መሆኑ ሲታወቅ ማቆም ማስተዋል ነው፤ ግለት በመብረዱ ብቻ መተው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ግለትማ ከማንም ዘንድ ይበርዳልና።

እንግዲህ የጀመረውን ሊፈጽም የሚወድ ሰው ልቡን ከመውቀሱ በፊት አሠራሩን ይመርምር፤ ወጪውን ያስብ፣ ሥራውን በእርከን ይክፈል፣ ሰዓቱንና ስፍራውን ይወስን፣ የሠራውንም የሚሰማለት ሰው ያበጅ። ወላጆች፣ መምህራንና አሠሪዎችም የምንጠየቅበት ድርሻ አለን። ልጁ ወይም ሠራተኛው መንገድ ላይ ሲቀር ሰነፍ ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጉባኤው ለዘመናት የቆመው የኔታ በየዕለቱ ተቀምጠው በማድመጣቸው ነውና፣ የሚያደምጠው ሳንሰጠው ጽናትን ብቻ ከእሱ መጠየቅ ፍርድ ማጓደል ነው።