የመካነ ሰላም ሰው በሳኦ ፓውሎ

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚገባ መንገደኛ ከተማዪቱን በአንድ አፍታ ዐይቶ ይጨርሳታል። በዚያ ላደግን ሰዎች ከተማ ማለት ዳርቻው የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ከአይሮፕላኑ መስኮት ወደ ሳኦ ፓውሎ ቁልቁል ስንመለከት በመጀመሪያ የፈለግነው ዳርቻዋን ነበር። አጣነው። አይሮፕላኑ እየዞረ በወረደ ቁጥር ከፎቅ ኋላ ሌላ ፎቅ ይነሣል፤ ቤቱ እህል እንደ ያዘ ማሳ ጥቅጥቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ በከተማዪቱ ክልል ብቻ ከ11 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተገኝቷል።

የአየር መንገዳችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚህች ከተማ ይበራል። እንደ ደረስን ሰዓታችንን ልናስተካክል ስንል የግድግዳው ሰዓትና የእጃችን ሰዓት አንድ ቁጥር ሲያመለክቱ አየን! ነገሩ ተአምር አይደለም። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ6 ሰዓት ይለያል። በመካነ ሰላም 6 ሰዓት ቀትር ሲሆን እነርሱ ዘንድ 6 ሰዓት ንጋት ነው። ሰዓቱን ሳይነካ አትላንቲክን የሚሻገር መንገደኛ ከእኛ በቀር መኖሩን እንጃ።

ሁለተኛው ነገር፣ ማንም እንደ እንግዳ አላየንም። ሕዝቡ ጥቁርም፣ ጠይምም፣ ነጭም፣ ጃፓናዊም ስለ ሆነ ሁሉም በፖርቱጋል ቋንቋ ያናግረናል፤ አለመመለሳችንን እንጂ መልካችንን የሚገረምበት የለም።

ሳኦ ፓውሎ ማለት ቅዱስ ጳውሎስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1554፣ በእኛ አገር አፄ ገላውዴዎስ ነግሠው ሳሉ፣ የመሠረቷት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው። የዚሁ ማኅበር ሰዎች በኋላ በአገራችን ያስከተሉትን ጣጣ አንባቢ ያውቀዋል፤ ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ በመርጡለ ማርያም የሠሩት ሕንጻ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል።

ከተማዪቱን ትልቅ ያደረጋት ግን ቡና ነው። ከኢትዮጵያ ምድር የወጣችው ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1727 ብራዚል ገባች ይባላል። በ1867 ወደ ሳንቶስ ወደብ የሚወርድ የባቡር ሐዲድ ተከፈተ፤ የቡናው ገንዘብም ወደዚህ ጎረፈ። እስከ 1888 ድረስ ለቃሚው ከአፍሪካ የተጋዘ ባሪያና ልጁ ነበር፤ ጣልያኖችና ጃፓኖች በብዛት የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ፓውሊስታ የተባለው ጎዳና በ1891 ሲከፈት የቡና ጌቶች መኖሪያቸውን የሠሩበት ነበር፤ ዛሬ የባንክና የቢሮ ፎቅ ሞልቶታል። ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ከ2007 ጀምሮ በሕግ ስለ ተከለከሉ ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ ይህን ሕግ ወደድነው።

እሑድ እሑድ ፓውሊስታ ለመኪና ይዘጋና ሕዝቡ በእግሩ ይንሸራሸርበታል። የፈረንጆች ዓመት ሲያልቅ የሚደረገው የሳኦ ሲልቬስትሬ ሩጫም የሚያልቀው እዚያ ነው። በ2011 ታሪኩ በቀለ አሸንፎበታል፤ ውዴ አያሌው ደግሞ ሦስት ጊዜ፣ በ2008፣ በ2014ና በ2015። ከኢትዮጵያ ነን ስንል አንድ ሽማግሌ ቃል ሳይናገሩ ሁለት ክንዳቸውን እንደ ሯጭ አወዛወዙልን።

ቡናቸውን ግን ቆመው ነው የሚጠጡት። እኛ ስኳሩን ሳናማስል ከጎናችን የነበረው ሰው ጠጥቶ፣ ከፍሎ ሄዷል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጎረቤት ጠርቶ ለሚጠጣ የወሎ ሰው ይህ ቡና መጠጣት አይባልም። ይሁን እንጂ የእኛም ደጋ ቡና አያበቅልም፤ እንደ እነርሱ ገዝተን ጠጪዎች ነን።

በካቴድራሉ ፊት ባለው በሴ አደባባይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ከደንጊያ ላይ የሚተኙ ሰዎች ብዙ ናቸው። እዚያ ቆመን በስልክ አማርኛ ስንናገር የሰማ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?» ብሎ ቀረበን። አገሩ ለጋምቦ ነው፤ የእኛኑ መንገድ ልጅ። ሐሳቡ በየብስ ወደ ሰሜን አሜሪካ ለመሄድ ነው። በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ዳሪየን የሚባል ጫካ አለ፤ ከአሜሪካ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋው አውራ ጎዳና እዚያ ሲደርስ ይቋረጣል። በ2023 ብቻ ከ500 ሺህ የሚበልጥ ሰው አልፎበታል፤ ወንዝ የወሰደው፣ ወንበዴ የዘረፈውም ብዙ ነው።

«መንገዱ ክፉ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለን። የምናውቀውን ሁሉ ሳንሸሽግ ነገርነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ «ዐረብ አገር ያለችው እኅቴ የአራት ዓመት ደመወዟን በእኔ ላይ ጨርሳለች። ምን ይዤ ልመለስ?» አለ። መልስ አልነበረንም።

ቡና ጋበዝነው። እንደ አገሬው ቆመን ጠጣን፤ ሁለተኛ ስናዝ፣ «ቶናው መጣ» ብሎ ሣቀ። ከዚያ የእናቱን ስምና ሰፈር ነገረንና፣ «ካገኟት ‹ሥራ ይዟል› ይበሉልኝ» አለን። ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግረን በባቡር ጣቢያው ደረጃ ወደ ምድር ውስጥ ወረደ።