የሆስፒታል ኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ ሰሚ የሚያጣው ለምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የታካሚዎችን መረጃ ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር የማዛወሩ ሥራ ቀጥሏል። ከዚህ ከሚጠበቁት ጥቅሞች አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ ኮምፒውተሩ መጠኑን ከታካሚው ክብደት፣ መድኃኒቱንም ከተመዘገበ አለርጂና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያመሳክራል፤ አደጋ ካየ መልእክት ያወጣል። ለምሳሌ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ኃይል ያዳክማል። ይህን በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል ለሚሠራ ሐኪም ማስታወስ ቀላል እገዛ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ማስጠንቀቂያው ሲበዛ ነው። ማማ ላይ የተቀመጠ የሰብል ጠባቂ ለወፉም ለዝንጀሮውም እኩል ቢጮህ፣ የዝንጀሮ መንጋ በእርግጥ የመጣ ዕለት የሚደርስለት አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ እንዳመለከተው፣ ሐኪሞች ከመድኃኒት ደኅንነት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን ሳይቀበሉ ያልፋሉ። ይህ ስንፍና ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ብዙዎቹ መልእክቶች በዕለቱ የሚታከመውን ሰው የማይመለከቱ ናቸውና።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ፣ አንድ የ16 ዓመት ታዳጊ አንድ የኮትሪሞክሳዞል ክኒን መውሰድ ሲገባው 38 ተኩል ተሰጠው። 160 ሚሊግራም ለማዘዝ የገባውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 160 ሚሊግራም አድርጎ ወስዶት ነበር። ማስጠንቀቂያ ወጥቷል፤ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ግን አለፉት። መልኩ በየዕለቱ ከሚያዩአቸው መልእክቶች የተለየ አልነበረም። ታዳጊው ራሱን ስቶ ተንቀጠቀጠ፤ ሕይወቱ ግን ተርፏል።

መፍትሔው ማስጠንቀቂያን ማጥፋት ሳይሆን መምረጥ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋው ትዕዛዙን ያስቁም፤ ቀላሉ በጎን ይታይ፤ ሁልጊዜ የሚታለፈው ይወገድ። ምርጫውም ሥርዓቱን በየዕለቱ ከሚጠቀሙት ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ጋር መደረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ አምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችን የቃኘ ጥናት አብዛኞቹ ባለሙያዎች በኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገቡ እንዳልረኩ አሳይቷል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ አንዱን ታካሚ በወረቀትም በኮምፒውተርም መመዝገብ ግድ በሚሆንበት ቦታ ይህ አያስደንቅም።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተነገረውንና የተመዘገበውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነዋሪም ሆነ ከሐዌላ ቱላ የሚመጣ አርሶ አደር፣ ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊን ተወግቶ ሰውነቱ አብጦ ከሆነ ሳይጠየቅም ይናገር። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዞ ይቅረብ፤ የታመመው ሕፃን ከሆነም መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት መመዘኑን ያረጋግጥ።