«ሲስተር፣ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው»

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ማለዳ በሬ በኃይል ተንኳኳ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። «ሲስተር፣ እማዬ ወደቀች፤ ቶሎ ይድረሱልን!»

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም እዚህ ዓለም ባንክ ሰፈር ስሜ ያው «ሲስተር» ነው፤ የግፊት መለኪያዬም ከቤቴ አልጠፋም። ስደርስ ሴትዮዋ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ላብ አጥምቋቸዋል። ከአልጋ ብድግ ሲሉ ጭልም ብሎባቸው ነው የወደቁት። ስለካቸው 90 በ60 ሆነ። እኔ የማውቃቸው ግፊታቸው 160 ላይ ሲመላለስ ነው።

«ትናንት ማታ ምን ወሰዱ?» አልኳቸው።

«መድኃኒቴን ነዋ፣ እንደ ወትሮው።»

«ሌላስ?»

ዝም አሉ። የነገረችኝ ልጅቷ ናት። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ጨቅጭቀው ይውጣሉ፤ በላዩ የሽፈራው ቅጠል አፍልተው ይጠጣሉ። ቀን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም።

እግራቸውን ከፍ አድርጌ አስተኛኋቸው፤ ውሃ አጠጥቼም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። የሆነው ግልጽ ነው። ኢናላፕሪል የደም ሥርን ያላላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውሃን በሽንት ያስወጣል። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራውም በአቅማቸው ግፊት ዝቅ ያደርጋሉ። የውሃ ጥም ሲጨመርበት ሁሉም ወደ አንድ ወገን ጎተቱ።

«ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው «ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። በሥራ ዘመኔ «ይህን ቅጠላ ቅጠል ተዉ!» እያልኩ ስንቱን ተቆጥቻለሁ! ሰዎቹ መጠጣቱን አልተዉም፤ የተዉት ለእኔ መንገሩን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሳልቆጣ ልንገራችሁ። ወጥ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሽንኩርት ምግብ ነው። እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰድ ግን ከአስፕሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር ሆኖ ደም እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ጥርስ ከመነቀላችሁ ወይም ኦፕራሲዮን ከመደረጋችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ሽፈራው በኮንሶ የዘወትር ምግብ ነው። ሆኖም ስኳርንም ሊቀንስ ስለሚችል፣ እንደ አብሽ ሁሉ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ይጠንቀቁ። ከርከዴም ግፊት ያወርዳል። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ቢደረግ ችግር የለውም፤ በብዛት ተፈልቶ ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ኢናላፕሪልም ቢሆን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ስሙ የማይታወቅ ዱቄት ከሆነ ጨርሶ አትቅመሱት።

ከመውደቅ የሚከፋም አለ። አንዳንዱ በመድኃኒቱ ግፊቱ ሲስተካከልለት «ያዳነኝ ነጭ ሽንኩርቱ ነው» ብሎ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራል። ግፊት አያምም፤ ድምፅ ሳያሰማ ተመልሶ ይወጣና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ስትሮክ ያመጣል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ኪኒናችሁን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ። ቅጠል መሞከር ካማራችሁ አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ሁለት ሦስቱን ባንዴ አትጀምሩ። አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ካረፋችሁ በኋላ ተለኩ፤ ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ከአልጋ ስትነሡ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ በሉ። የምትጾሙ ከሆነ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ጠይቁ። ፊት ከተጣመመ፣ ምላስ ከተያያዘ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ግን ምንም ሳታጠጡ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ወደ ቀጠሯችሁ ስትሄዱም ኪኒኑንም ቅጠሉንም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እናንተ በነጭ ጋውን ያላችሁ ልጆቼ ደግሞ ፌስታሉ ሲፈታ አትቆጡ።

ጎረቤቴ የመድኃኒታቸው መጠን ተስተካክሎላቸው ደህና ናቸው። ሽፈራውን ትተዋል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጭብጥ ቅጠል ይዘው በሬ ላይ ቆሙና «ሲስተር፣ ይኼስ?» አሉኝ። እሱን ሳላየው ደስ አለኝ፤ ጠይቀዋላ።