የሄል ዳቦ፦ ጊዜ የሚፈልግ ሊጥ

ባለፉት ዓመታት ከየካምፑ ተነስተው ስዊድን፣ ኖርዌይና ፊንላንድ የገቡ ወገኖች አሉን። እዚያ አገር ሰው ቡና አብዝቶ ይጠጣል። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ግን እንደ እኛ ቆሎና ፈንዲሻ ሳይሆን ጣፋጭ ዳቦ ነው። ፊንላንዶች «ፑላ» ይሉታል፤ ስዊድኖች ትንንሹን «ቡላር» ብለው ይጠሩታል። ስዊድኖች ሥራ አቁመው አብረው ቡና የሚጠጡበትን ሰዓት ደግሞ «ፊካ» ይሉታል፤ የእኛን «ኑ ቡና ጠጡ» ያስታውሳል። ዳቦውን ከመውደዳቸው የተነሣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦክቶበር 4 ቀን የቀረፋ ዳቦ ቀን ተብሎ ይከበራል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አንደኛ፣ ነገ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው የማያውቀው አገር ገበታ እንግዳ እንዳይሆንበት ነው። ሁለተኛ፣ ዳቦው የሀብታም ምግብ አይደለም። ዱቄት፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቅባት፣ እርሾና ሄል ብቻ ነው። ሄል ማለት እዚህ ኬንያ «ኢሊኪ» የሚሉት፣ ሻይና ማንዳዚ ውስጥ የሚገባው አረንጓዴ ቅመም ነው። ከኮረሪማችን ጋር ሁለቱም የዝንጅብል ዘመዶች ናቸው፤ ጣዕማቸው ግን ይለያያል።

ዱቄትና ስኳር በስፍር በሚገኝበት ቤት አንድ ሊጥ ተበላሸ ማለት የልጆች ቁርስ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከአሠራሩ በፊት ምክንያቱን እንወቅ። ብዙ እናቶች ጣፋጭ ዳቦ ሲሞክሩ «ኧረ ይሄ ሊጥ ኩፍ አልልም አለኝ!» ብለው እርሾ ይጨምሩበታል፤ ወይም እሳት ዳር ያስጠጉታል። ሁለቱም አይበጅም። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ስኳር ይመገብና አየር ያወጣል፣ ሊጡን የሚነፋውም ያ አየር ነው። ስኳር ሲበዛ ግን ውኃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ እርሾው ይጠማል፣ ሥራውም ይዘገያል። እንዲህ ሲሆን የሚያስፈልገው ተጨማሪ እርሾ ሳይሆን ተጨማሪ ጊዜ ነው። እርሾ ከበዛ ዳቦው ይኮመጥጣል፣ እሳት ከበዛ ደግሞ እርሾው ይሞታል።

መጠኑ እንዲህ ነው፦ ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተት (የዱቄት ወተትም ይሆናል)፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም 75 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 15 ፍሬ ሄል። የሄሉን ገለባ አውጡና ጥቁሩን ፍሬ በሙቀጫ ውቀጡት፤ በጣም ባይልም ግድ የለም። ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅ አሁን የተወቀጠው ይሸታል።

ወተቱን ለብ አድርጉ። ቴርሞሜትር ባይኖርም ለሕፃን ወተት እንደምናደርገው አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጉት፤ ካላቃጠለና ካልቀዘቀዘ ልክ ነው። እርሾውን በወተቱ ከበጠበጣችሁ በኋላ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ጨውንና ሄሉን ጨምራችሁ አቡኩ። ቅባቱ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ዱቄቱን ሸፍኖ ሊጡ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል በደንብ እሹት። እጅ ላይ ትንሽ ቢጣበቅም ዱቄት አትጨምሩበት፣ ይደርቃል።

በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። እንደ አየሩ ሙቀት አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ተመልከቱ፤ እጥፍ ሲሆን ደርሷል። ከዚያ ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በረጅሙ ድቡልቡል አድርጉትና እንደ ሹሩባ ጎንጉኑት። ቅባት በተቀባ መጋገሪያ ላይ አድርጋችሁ እንደገና 30 ወይም 40 ደቂቃ ይረፍ። በጣት ጫን ስትሉት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ለእሳት ዝግጁ ነው። የተመታ እንቁላል ቀቡት፤ ከተገኘ ስኳር ነስንሱበት።

ኦቭን የለንም ብላችሁ እንዳትተዉት! እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የሚጋግሩት ከላይም ከታችም በፍም አይደል? ወፈር ያለ ብረት ድስት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች አስቀምጡ፤ መጋገሪያው በእነሱ ላይ ይረፍ፣ ታቹ እንዳያር። ድስቱን ክዳኑን ገጥማችሁ አስቀድማችሁ አሙቁት። ከሥር ጥቂት ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ደግሞ በዛ ያለ ፍም አድርጉ። ስኳር ያለበት ሊጥ ቶሎ ስለሚጠቁር ከ20 ደቂቃ በኋላ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት፤ በ30 ደቂቃ ገደማ ይበስላል። ሥሩን መታ መታ ስታደርጉት ባዶ ነገር ዓይነት ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ይህ ዳቦ የሚጠይቀን ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ጎረቤት ጠርታችሁ ከቡናው ጋር ቅመሱት። ነገ ሰሜን አገር የሚገባም ወገናችን ሰው ቤት ሲቀርብለት «ይሄንንማ እኛም ጋግረነዋል» ብሎ ይጀምር፤ ጨዋታ የሚከፈተው በእንዲህ ያለው ነው።