የልጆች የሸንጎ ጨዋታና የመራጮች ዝምታ

መንግሥት በታላቅ አዳራሽ ከመታየቱ በፊት መሠረቱ በቤተ ሰብ ውስጥ ይጣላል። በቤቱ ተመካክሮ መወሰንን፥ የሌላውን ቃል በትዕግሥት መስማትን፥ ሲጠየቅም አሳቡን ሳይደብቅ መናገርን ያልለመደ ልጅ፥ ካደገ በኋላ ይህን ልማድ ከወዴት ያመጣዋል? ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ልጆች በትምህርት ቤትና በስልክ ላይ ስለሚጫወቱት የመንግሥት ጨዋታ፥ ይልቁንም በጨዋታው ውስጥ ስለሚታየው የምረጡኝ ቅስቀሳና የመራጮች ቸልታ፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት አስበናል።

አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው በስልኩ ላይ አጎንብሶ «እኔ ፕሬዚዳንት ነኝ፤ እገሌ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር ነው» ሲል ቢሰሙ ይሥቁበታል፤ ሌሎቹም ጊዜ ማባከኛ ነው ብለው ይቈጡታል። ነገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን የሚያሥቅም የሚያስቈጣም አይደለም። ማክስ ባሪ የተባለ አውስትራልያዊ ደራሲ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. «ኔሽንስቴትስ» የተባለ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቹ በአሳቡ አንድ አገር ይመሠርታል፤ ስምና ሰንደቅ ዓላማ ያወጣለታል፤ የሚቀርብለትን የመንግሥት ጉዳይ እያመዛዘነ በወሰነ ቍጥርም አገሩ እንደ ውሳኔው ይለወጣል። እንዲህ ያሉት አገሮች እየተሰባሰቡ ማኅበር ያቆማሉ፤ ከማኅበሮቹም ብዙዎቹ ሕገ መንግሥት ጽፈው፥ ሹማምንታቸውን በድምፅ መርጠው ይተዳደራሉ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ የሚደንቅ ደንብ አለ። ባለቤቱ 28 ቀን ሙሉ ሳይጎበኘው የቀረ አገር ከመዝገብ ይሰረዛል፤ አስቀድሞ ዕረፍት ያስመዘገበ ሰው ግን እስከ 60 ቀን ይታገሡታል። እንግዲህ በዚያ ዓለም አገር የሚጠፋው በጦር ተወግቶ አይደለም፤ ባለቤቱ ቸል ስላለው ነው። ከዚህም ጋር የምርጫ ቀን ሲደርስ ሌላ ችግር ይታያል። በመዝገቡ ላይ የዜጎች ስም ብዙ ሆኖ ሳለ፥ ድምፅ የሚሰጡት ጥቂቶች ይሆናሉ። ተመራጩም መራጩም እነዚያው ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ሹመቱ በአንድ ማዕድ ዙሪያ እንደሚዞር ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የቀሩትም «ምን ቸገረን» እያሉ ከዳር ሆነው ያያሉ።

ልጆችን በመንግሥት አምሳል ማሠልጠን በኢንተርኔት ዘመን የተጀመረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ዊልያም ጆርጅ የተባለ አሜሪካዊ፥ በኒው ዮርክ ግዛት በፍሪቪል ከተማ ልጆች ራሳቸው ሕግ የሚያወጡባት፥ ራሳቸው የሚፈርዱባት ትንሽ ሪፐብሊክ አቋቁሞ ነበር። በአገራችንም በብዙ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ፓርላማ አለ፤ በየስፍራውም የሕፃናት ፓርላማ ተቋቁሞአል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነትም በ12ኛው አንቀጹ፥ ልጅ በሚነካው ጉዳይ አሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት ተቀብላዋለች።

ለካፋ ሰው የምክር መንግሥት ነገር እንግዳ አይደለም። የካፋ ንጉሥ ብቻውን አይወስንም ነበር፤ ሰባት አማካሪዎች ያሉት ሚክረቾ የተባለ ጉባኤ ነበረው። ይህም ሥርዓት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘምተው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. እስኪማረኩ ድረስ ጸንቶ ኖረ። አማካሪ ዝም ያለ እንደ ሆነ ንጉሥ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የአማካሪ ክብሩ በመናገሩ ነው። ዛሬ ደግሞ ያ የአማካሪነት ሥልጣን ከሰባት ሰዎች አልፎ ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላው ሁሉ ተሰጥቶአል።

ይህ መብት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ አዝዞ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ እንዲመርጥ ስለ ፈቀደ፥ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ። በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመራጩን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገው።

መብቱ ከተገኘ በኋላም ቸልታ አልጠፋም። በ2013 ዓ.ም. ለስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮች ምዝገባ በተጀመረ ጊዜ፥ የተመዘገበው ሕዝብ ከታሰበው በታች ሆኖ ስለ ተገኘ የምዝገባው ጊዜ ተራዘመ። የድምፅ መስጫውም ቀን ወደ ሰኔ 14 ተላለፈ፤ በመጨረሻም ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ዳሩ ግን ጉዳዩ ለእያንዳንዱ ቤት ቅርብ ሆኖ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚነሣ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ በደጃችን አለ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋ፥ የሸካ፥ የቤንች ሸኮ፥ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች፥ የኮንታም ልዩ ወረዳ፥ በአንድ ክልል ለመደራጀት ሕዝበ ውሳኔ ሰጡ። ከ1,200,000 በላይ ሰዎች ደግፈው ድምፅ ሰጡ፤ በኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም ከመቀመጫዎቹ አንዱ ሆነች። ከዋጫ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ባለጉዳይ የዚያን ቀን ድምፅ ፍሬ በእግሩ ይለካዋል፤ ቀድሞ የክልል ጉዳይ የነበረው ሰው እስከ ሐዋሳ ይጓዝ ነበርና።

እንግዲህ አንዱ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተግቶ፥ በሌላ ጊዜ የሚቀዘቅዘው ስለ ምንድር ነው? በትምህርት ቤት ምርጫ ላይ ያየነውን እንናገር። ዕጩዎቹ በጠዋቱ ሰልፍ ፊት ይቆማሉ። አንዱ «ብትመርጡኝ ፈተና አስቀራለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው «አዲስ የኳስ ሜዳ አሠራለሁ» ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁ ስለሚያምር ብቻ ይጨበጨብለታል። ከዚህ በኋላ እጅ አውጡ ይባላል፤ ልጆቹም ወዲያና ወዲህ ተያይተው ብዙ እጅ ወዳለበት ያወጣሉ። አንዳንዶቹም፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፥ ምንም ሳያወጡ ይቆማሉ። የተመረጠው ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ፊታቸው ቆሞ ስለ ሥራው አይናገርም፤ ፈተናውም አይቀርም፤ ሜዳውም አይሠራም። በሚመጣው ዓመት ምርጫ ሲባል፥ ዝም ያሉት ቍጥር በእጥፍ ይጨምራል።

ከዚህ የምንረዳው የመራጭ ዝምታ ከስንፍና ብቻ እንዳይደለ ነው። አንደኛው ምክንያት ተስፋው ከሥልጣኑ በላይ መሆኑ ነው። የተማሪዎች ፓርላማ ፈተና ለማስቀረት አይችልም፤ ነገር ግን የውሃው ቧንቧ መፍሰሱን ለርእሰ መምህሩ ለማመልከት፥ የቤተ መጻሕፍቱም በር ከትምህርት በኋላ እንዲከፈት ለመለመን ይችላል። ሁለተኛው፥ ዕጩው ለምረጡኝ ጊዜ ብቻ ታይቶ ከዚያ በኋላ መሰወሩ ነው። ሦስተኛው፥ ድምፅ በግልጥ ሲሰጥ ዐፋሩ በኀፍረት፥ ደካማውም በፍርሃት መታሰሩ ነው። አራተኛው፥ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይጨምራል? ነገሩ ያለቀ ነው» የሚለው አሳብ ነው። ይህ የመጨረሻው እጅግ የከፋ ነው፤ ያመኑበት ሰዎች በበዙ ቍጥር እውነት እየሆነ ይሄዳልና።

መድኃኒቱስ ምንድር ነው? አውስትራልያ በሕግ ማስገደድን መረጠች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከመቶ 60 ስላልሞላ፥ በ1924 ዓ.ም. ድምፅ መስጠት ግዴታ እንዲሆን፥ ያለ ምክንያት የቀረውም መቀጮ እንዲከፍል ሕግ አወጣች። በ1925 ዓ.ም. ምርጫ የመራጩ ቍጥር ከመቶ 91 በላይ ሆነ። ይህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በእድራችንም ያለ ምክንያት ከስብሰባ የቀረ አባል ይቀጣል። ሆኖም መቀጮ እግርን እንጂ ልብን ወደ ስብሰባ አያመጣም። የእድር አባል በትጋት የሚመጣው ከመቀጮው ይልቅ፥ ዳኛው ሒሳቡን በፊቱ ስለሚያነብለትና ኀዘን በደረሰበት ቀን የድንኳኑን ጥቅም በዓይኑ ስላየ ነው።

ስለዚህ መልካም ቅስቀሳ ከጩኸት ይልቅ ጉብኝት ነው ብንል አንሳሳትም። በሰልፍ ፊት ለሁሉ አንድ ጊዜ ከሚጮኸው ዕጩ ይልቅ፥ በዕረፍት ሰዓት ወደ ጓደኞቹ ቀርቦ «የቸገራችሁ ምንድር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፥ የሰማውንም በደብተሩ የሚጽፍ፥ የምርጫውን ቀንና ቦታ የሚያስታውስ ዕጩ ዝምተኛውን ያናግረዋል። የማይመርጠውንም ሰው ሳይቈጣ «ለማንም ቢሆን ድምፅህን ስጥ» ቢለው፥ ከወንበሩ የሚበልጥ ሥራ ሠራ ማለት ነው። በአገራችን ሕግ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ቅስቀሳ የሚቆምበት የጥሞና ጊዜ ተወስኖአል፤ ይኸውም መራጩ ጩኸቱ ካለፈ በኋላ በልቡ እንዲመክር ነው። ትምህርት ቤቶችም ይህን ቢከተሉ፥ እጅ ማውጣትንም ትተው በወረቀትና በሣጥን ቢያስመርጡ፥ የተመረጠውም ልጅ በየጊዜው በሰልፍ ፊት ቆሞ የሠራውንና ያልሠራውን ቢናገር፥ የዝምተኞች ቍጥር እንደሚቀንስ እናምናለን።

እኛ ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋር የምንውል ሰዎች አንድ ነገር በየቀኑ እናያለን። ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቢቀር መዝገቡ ይዘጋል፤ ተከሳሽም ተጠርቶ ቢቀር ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ባለመብቱ እውነት ይዞ ሳለ በቤቱ ስለ ተቀመጠ እርሻው ወደ ሌላ ሊሄድ ይችላል። በምርጫም እንዲሁ ነው፤ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ከውሳኔው አያመልጥም፤ በሌለበት ይወሰንበታል እንጂ። የሚያሳዝነውም በምርጫ የቀረ ሰው እንደ ባለጉዳይ መዝገቡን ለማስከፈት ማመልከቻ ማቅረብ አለመቻሉ ነው፤ እስከ ሚመጣው ምርጫ ዓመታት መታገሥ አለበት።

ወላጆች ሆይ፤ ይህ ትምህርት በቤታችሁ ይጀመር። ቡና ተፈልቶ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበ ጊዜ፥ ከከባዱ ነገር ባይሆን እንኳ ከቀላሉ፥ ማለት በግቢው ምን እንደሚተከል፥ ለበዓል ማን ዘመድ እንደሚጎበኝ፥ ልጆቹን ጠይቋቸው። ታናሹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ታላቁ ከተናገረ በኋላ ታናሹ የራሱን አሳብ ትቶ የታላቁን ይደግማልና። ሴት ልጃችሁ ዝም ብትል «አሳብ የላትም» ብላችሁ አትለፏት፤ ቆይታችሁ ደግማችሁ ጠይቋት። አሳባቸውን ባትቀበሉትም ያልተቀበላችሁበትን ምክንያት ንገሯቸው፤ ምክንያቱን የሰማ ልጅ ዳግመኛ ለመናገር አይሰንፍም። በስልኩ ላይ ሹመት የሚሻማውንም ልጅ ከመቈጣት ይልቅ «ስንት ሰው መረጠህ? ያልመረጡህስ ለምን ዝም አሉ? ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?» በሉት። ጨዋታው ጨዋታ ቢሆንም ጥያቄው የእውነት ነው።

ክቡራን ሹማምንትም በየመሥሪያ ቤታችሁ ይህን አስቡ። ዛሬ በዋጫ ትምህርት ቤት በሰልፍ ላይ ቆሞ እጁን ያላወጣው ልጅ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመራጭነት ካርድ የሚወስድ ወይም የማይወስድ ሰው ነው። የተማሪዎች ፓርላማ የጻፈውን ማመልከቻ ተቀብሎ፥ ይቻላል ወይም አይቻልም የሚል መልስ በወረቀት መስጠት ለሹም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ መልሱን በጓደኞቹ ፊት ላነበበው ልጅ ግን ቃሉ ከንቱ እንዳልቀረ የሚያይበት የመጀመሪያው ቀን ነው።